የዳነው ሰው አሟሟት

አቶ ተክለሃይማኖት ከመሞታቸው ሁለት ወር በፊት ድነው ነበር።

«ድነዋል» ያላቸው ሐኪም አይደለም። ሸጎሌ ከከብት ተራው ጀርባ ድንኳን ተክሎ፣ ማይክሮፎን ጨብጦ በጠርሙስ ፈውስ የሚሸጥ መሸሻ የሚባል ሰው ነው። አቶ ተክለሃይማኖት ዊንጌት አካባቢ ጎሚስታ ከፍተው ጎማ ሲጠግኑ የሸበቱ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰው እጅ ያላዩ ኩሩ ሰው ነበሩ። ስኳር በሽታ ግን ኩራት አያውቅም፤ ጉልበታቸውን በልቶት ነበር። ታዲያ አንድ ቀን እዚያ ድንኳን ውስጥ መድረክ ላይ ወጡና የኢንሱሊን መርፌያቸውን በሕዝብ ፊት ሰባበሩ። ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ሰፈሩም «የዳነው ሰውዬ» ይላቸው ጀመር።

የነነዌ ጾም በገባበት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ሮሐ ቤት ስትገባ፣ አባቷን አልጋ ላይ ራሳቸውን ስተው አገኘቻቸው። ሸሚዛቸው በላብ ተነክሯል። ጢማቸውና አንገትጌያቸው ላይ የሻይ ስኳር ተበትኗል። አፋቸው ውስጥም ስኳር አለ። አምቡላንስ ጠራች። ጳውሎስ ሆስፒታል ሲደርሱ ነፍሳቸው ነበረች፤ ሳይመሽ ግን አረፉ።

እህታቸው ወይዘሮ አፀደ ከሆስፒታሉ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

«ወንድሜን የገዛ ልጁ ገደለችው» አሉ።

*

ዋና ኢንስፔክተር ገበያነሽ ማክሰኞ ጠዋት ግቢው ስትደርስ የልቅሶ ድንኳኑ ተተክሏል። ገበያነሽ ቶሎ የምትቆጣ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል፤ እሷ ደግሞ አለመቆጣትን እንደ ጉድለት ታየዋለች።

የሟቹ ክፍል ጠባብና ንጹሕ ነው። ከአልጋው ራስጌ ባለችው ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ነገር ደርቆበት የቀረ ክብ ምልክት አለ፤ ጠርሙስ የቆመበት ቦታ ነው። ጠርሙሱ ግን የለም።

«ኢንስፔክተር» አለ ረዳቷ ሳጅን ፈሀድ፣ «መርፌ የለም፣ ክኒን የለም፣ ጠርሙስ የለም። ያለው ስኳር ብቻ ነው።»

«ስኳሩስ ከየት መጣ? ዕቃው የታለ?»

ፈሀድ ጓዳውን በረበረ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ጨው። ስኳር የለም፤ ስኳር የነበረበት ዕቃም የለም።

ወይዘሮ አፀደ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ሻክሯል።

«ምን ትፈልጊያለሽ ልጄ? ገዳይዋ እዚያ ማዶ ቆማለች!»

ሮሐ ከግቢው በር አጠገብ፣ ከድንኳኑ ውጭ፣ ብቻዋን ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች። ማንም አጠገቧ አልቆመም።

«ድንኳን ውስጥ ለምን አልገባችም?»

«እኔ እያለሁ አትገባም! እኔም ስኳር አለብኝ፣ አውቀዋለሁ፤ ስኳር ለኛ መርዝ ነው። ስኳር በሽተኛ አፍ ውስጥ ስኳር ጠቅጥቃ ደፋችው! ነርስ ትሆናለች ብሎ አስተምሮ!»

«ለምን ትገድለዋለች፣ እትዬ አፀደ?»

«ቀንታ ነዋ! "መርፌህን ውጋ፣ መርፌህን ውጋ" እያለች ስትነዘንዘው ከርማ፣ የአባቶች መድኃኒት አዳነባት። ተዋረደች። በቃ!»

ከኋላቸው የቆመ ዓይኑ ያበጠ ወጣት ክንዳቸውን ያዘ። «ተይ እማዬ… ሮሐ ይህን አታደርግም» አለ በቀስታ።

«አንተ ዝም በል!»

ልጃቸው ኪሩ ነው። ድንኳኑን ያስተከለው፣ ወንበር ያከራየው፣ ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነው። ገበያነሽ ሰኞ የት እንደነበር ጠየቀችው።

«ሥራ ላይ። ጳውሎስ ጋ ፋርማሲ ነው የምሠራው። የጋሼን መርዶ እዚያው ነው የሰማሁት።»

*

ሮሐን ያነጋገረቻት ጣቢያ ነው። የአራተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ናት፤ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም።

«አባትሽን ስኳር ያጎረስሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። ስገባ እንደዚያ ነበር። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ይታነቃል።»

«ጠርሙሱስ?»

«ጠዋት ስወጣ ራስጌው ነበር። ስመለስ የለም።»

«ቦርሳሽ ውስጥ ኢንሱሊን ተገኝቷል።»

«የሱ ነው። ሲጥለው ከቆሻሻ ላይ አነሳሁት። አንድ ቀን ሐሳቡን ከቀየረ ብዬ ይዤው እዞር ነበር።»

«ወግተሽዋል?»

«አልወጋሁትም። ግን ልንገርዎት። የአምቡላንሱ ባለሙያ ስኳሩን ሲለካ አይቻለሁ። ሃያ ስምንት ነው። አባቴ ስኳሩ ከፍ ብሎ አይደለም የሞተው፤ ወርዶ ነው። ስኳር የሚያወርድ ነገር ደግሞ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው። ቁጥሩን ሳይ ማን እንደሚጠረጠር ያኔውኑ ገባኝ።»

ገበያነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ባትነግሪኝ ይሻልሽ ነበር።»

«የተክለሃይማኖት ልጅ ነኝ። እውነት ደብቄ አልድንም።»

አለቃዋ ኮማንደሩ ግን የሚያየው ሌላ ነው። ኢንሱሊን ቦርሳዋ ውስጥ፣ ጠብ ቤቷ ውስጥ፣ ከሳሿ አክስቷ። «ምን ትጠብቂያለሽ? እሰሪያት» አለ።

«ቀብሩ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ስጠኝ። ጥፋተኛ ካልሆነች ልጅቷ አባቷን በካቴና አትቀብርም።»

«እስከዚያ ብቻ» አለ ኮማንደሩ።

*

ሸጎሌ ከብት ተራው ተቀዛቅዟል፤ ጾም ነው፣ በግ የሚጠይቅ የለም። የመሸሻ ድንኳን ግን ጢም ብሏል። በዚህ ከተማ የእውነት ድምፅ የሚሰማው በሹክሹክታ ነው፤ ውሸት ግን ሁልጊዜ የድምፅ ማጉያ አያጣም።

መሸሻ በሱፍ ልብሱ ላይ ጋቢ ደርቧል። ሱፉ ለከተማው፣ ጋቢው ለአባቶች።

«ምን ምን ያድናሉ?» አለችው ገበያነሽ።

«ስኳር፣ ደም ብዛት፣ ጨጓራ፣ ኪንታሮት፣ መካንነት፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ሞራ…»

«ጥርስስ?»

«ጥርስም!»

«የፊትዎን ሁለቱን ታዲያ ምን ነካቸው?»

ወረፋ የያዘች ሴትዮ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። መሸሻ ከንፈሩን ገጠመ።

«አቶ ተክለሃይማኖት የእርስዎን መድኃኒት እየጠጡ ሞተዋል።»

«ጠጥቶ የሞተ የለም! ተጠራጥሮ የሞተ ግን አለ። ልቡ ከሁለት ከተከፈለ መድኃኒቱ ምን ያድርግ?»

እንዲህ ያለ ክርክር ተሸንፎ አያውቅም። የዳነው ሁሉ በጠርሙሱ ድኗል፤ የሞተው ሁሉ በራሱ ጥፋት ሞቷል። ሐኪም ሲሳሳት ይጠየቃል፣ ይመረመራል፣ ፈቃዱን ይነጠቃል። ጠቢብ ነኝ ባዩ ሲሳሳት ሬሳው ነው የሚወቀሰው።

«ሰኞ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቀጥታ ስርጭት ላይ። ስልክሽን ክፈቺና እዪኝ።»

ፈሀድ ስልኩን ከፈተ። እውነት ነው፤ ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ ከማይክሮፎኑ አልተለየም።

«ይህን መድኃኒት የሚያዘጋጀው ማነው?»

«ከላይ ነው የሚገለጥልኝ። መንፈስ ነው የሚያዘጋጀው።»

«መንፈሱ የታደሰ መታወቂያ አለው?»

«ትሳለቂያለሽ!» አለ መሸሻ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይኸው! የአባቶቻችንን ጥበብ የሚንቁ፣ የፈረንጅ ክኒን ያዞራቸው! እኛ ግን በአባቶቻችን እንኮራለን!»

ጭብጨባው ደመቀ። የገበያነሽ ጆሮ ጋለ።

«ስማ!» አለች፤ እርስዎ ማለቱን እዚያው ተወችው። «የኔ አያት ወለጋ ውስጥ የታወቁ መድኃኒተኛ ነበሩ። ለሚያውቁት በሽታ ሥር ይምሳሉ፤ የማያውቁት ሲመጣ "ይሄ ከኔ በላይ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት" ይላሉ። ሁሉን አድናለሁ ሲሉ አልሰማኋቸውም። በሳቸው እኮራለሁ። አንተን ግን ከሳቸው ጋር በአንድ ስም ሲጠሩህ ከሰማሁ እጣላለሁ!»

አንድ ጠርሙስ አንስታ ወጣች።

መኪና ውስጥ ፈሀድ «አልበዛም?» አላት።

«ምኑ?»

«ቁጣው።»

«እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ታውቃለህ። አምና የኛ ቸርች በር ላይም እንዲህ ያለ ሰው ዘይት ይዞ ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው አባረሩት። እምነት ያለው ሰው ነው በዚህ መቆጣት ያለበት። በዛ ካልክ ገና ነኝ።»

*

ረቡዕ ጠዋት ጳውሎስ። ዶክተር ሌሊሳ የገበያነሽ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፤ አቶ ተክለሃይማኖትን ሰኞ የተቀበለው እሱ ነበር። በሕይወት ሳሉ ደማቸውን አስወስዷል። ገበያነሽ ከሸጎሌ ያመጣችውን ጠርሙስም ወደ መመርመሪያ ልኳል፤ የዚያ ውጤት ይቆያል፤ የደሙ ግን ደርሷል።

«ልጅቷ አልወጋችውም» አለ ገና ሳትቀመጥ።

«በምን አወቅህ?»

«ቆሽት ኢንሱሊን ሲያመርት አብሮት የሚወለድ ሌላ ነገር አለ። መንትያው በይው። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ግን ብቻውን ነው የሚገባው፤ መንትያ የለውም። ሰውየው ደም ውስጥ መንትያው ሞልቷል።»

«በአማርኛ ንገረኝ።»

«በአማርኛ ነው የምነግርሽ! ኢንሱሊኑ ከገዛ ቆሽቱ ነው የወጣው። አንድ ነገር ቆሽቱን እንደ ፈረስ ገርፎ አስጋልቦታል። እንዲህ የሚያደርግ ክኒን አለ፤ ለስኳር በሽተኛ የሚታዘዝ፣ ርካሽ፣ የትም ፋርማሲ የሚገኝ። ሰውየው እየበላ በልኩ ከወሰደው ስኳሩን ያስተካክልለታል። ሳይበላ በብዛት ከወሰደው ይገድለዋል። ምን በልቶ ነበር?»

«ምንም። ነነዌ ነው። ሦስቱንም ቀን ሳይቀምሱ ሊይዙ ነበር፤ ልጃቸው ነግራኛለች።»

«የስኳር በሽተኛ? ቄሱ ራሳቸው ይከለክሉታል እኮ!»

«የስኳር በሽተኛን ይከለክላሉ። እሳቸው ግን ድነዋል» አለች ገበያነሽ፤ ስትናገረው ነው ለራሷም የገባት። «በሕዝብ ፊት መስክረዋል። በሽታው ለቆኛል ያለ ሰው እንዴት አልጾምም ይላል? ዓመታት ሙሉ ሰው ሲጾም እሳቸው እያፈሩ በልተዋል። ዘንድሮ ቀና ብለው ሊጾሙ ነበር።»

ሌሊሳ መነጽሩን አወለቀ። «እና ጠርሙሱን ለብርታት ብሎ ጨምሮ ጠጥቶት ከሆነ…»

«ጠርሙሱ ውስጥ ያ ክኒን ካለ።»

«አለ እንጂ። ያለበለዚያ ሁለት ወር ሙሉ ስኳሩን ምን አስተካከለው? ቅጠል አይደለም።»

ገበያነሽ ለመሄድ ተነሳችና ቆመች። «አንድ ነገር ቀረኝ። አፋቸው ላይ የነበረው ስኳርስ? አልጎዳቸውም?»

«ስኳሩማ? ውጦት ቢሆን ያድነው ነበር። ያጎረሰው ሰው ሊያድነው ነው የፈለገው።»

ገበያነሽ በራሷ ተናደደች። ከትናንት ጀምሮ ስኳሩን የምታየው በወይዘሮ አፀደ ዓይን ነበር።

«ፈሀድ» አለች በስልክ፣ ደረጃውን እየወረደች። «ሰፈሩ ሁሉ ስኳር ለስኳር በሽተኛ መርዝ ነው የሚል ሰፈር ነው። እዚያ ሰፈር አንድ ሰው የዳነውን ሰውዬ ላብ ሲያጠምቃቸው ያያል፤ መለኪያ የለው፣ ምን የለው። ሮጦ የሚያመጣው ስኳር ነው። ስኳራቸው መውረዱን በምን አወቀ?»

«ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል» አለ ፈሀድ።

«ሲሄድ ደግሞ ጠርሙሱን ይዞ ሄደ።»

*

ግቢው ውስጥ ለቀስተኛው እየበዛ ነው። ገበያነሽ ወደ ድንኳኑ አልሄደችም። ከሟቹ ደጃፍ ጀምራ መሬት መሬቱን እያየች ሄደች። ጥቁር ጉንዳኖች ተሰልፈዋል። ከደጃፉ ተነስተው፣ ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ሥር አልፈው፣ ግቢውን አቋርጠው ማዶ ያለችው የወይዘሮ አፀደ ክፍል በር ሥር ይገባሉ። ሰው ሲሮጥ እፍኙ ይፈስበታል፤ ጉንዳን ደግሞ የፈሰሰን አይረሳም።

«እትዬ አፀደ፣ ስኳር ቤትዎ ያስቀምጣሉ?»

«ለልጄ ሻይ። እኔማ አልነካውም።»

በሩ በጓጉንቸር ተቆልፏል። ሲከፈት የስኳር ጣሳው መደርደሪያው ላይ ክዳኑን አጥቶ ተቀምጧል፤ ክዳኑ መሬት ወድቋል።

«ማነው እንዲህ ያረገው?» አሉ ወይዘሮ አፀደ። «ሰኞ ለታ ስገባም እንዲህ ነበር፤ በሐዘኑ ልብም አላልኩት።»

«ሰኞ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴ እስኪወጣ።»

«የጓጉንቸሩ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ እኔ አንገት ላይ ነው፣ አንዱ ኪሩ ጋ። ምነው?»

ገበያነሽ ወደ በሩ ዞረች። ፈሀድን አየችው፤ ፈሀድ ገባውና የኪሩን ፋርማሲ ሊጠይቅ ወደ ጳውሎስ ታክሲ ተራ ሮጠ።

«እትዬ፣ እርስዎም ስኳር አለብኝ ብለውኛል። ወንድምዎ በጠርሙሱ ሲድኑ እርስዎ ለምን አልጠጡም?»

«ልጠጣ ብዬ ነበር እኮ!» አሉ ወይዘሮ አፀደ፣ ቅር እንዳላቸው። «ጋሼውን ሸጎሌ የወሰደው ኪሩ ነው፤ ለኔ ሲሆን ግን ከለከለኝ። "አንቺ የሐኪም ክኒንሽን ዋጪ፣ እሱን እንዳትነኪ" ብሎ ተቆጣኝ። አሁንም አልገባኝም።»

ለገበያነሽ ግን ገባት። ለሴትዮዋ አዘነች፤ አጠገባቸውም ትንሽ ቆመች።

ፈሀድ ብዙ ሳይቆይ ደወለ። «ፋርማሲው ያውቀዋል። ግን ከመስከረም ወዲህ እዚያ አይሠራም። ስኳር ክኒን በካርቶን እየገዛ የሚወስድ ደንበኛቸው ግን ነው። የጤና ጣቢያ ትእዛዝ ነው እያለ።»

*

ኪሩን ከጎሚስታው ጀርባ፣ ጎማ መሃል አስቀመጠችው።

«ሰኞ ሥራ ላይ ነበርክ?»

«አዎ… ማለቴ፣ ጠዋት…»

«የቱ ሥራ? የፋርማሲው ወይስ የመሸሻ?»

ወጣቱ ጭንቅላቱን በእጆቹ ያዘ።

«ክኒኑን ማን ነው የሚፈጨው?»

«እኔ» አለ። «ከቅጠሉ ጋር እቀላቅለዋለሁ። ሰው አይጎዳም ብዬ ነበር… ስኳራቸው ይወርዳል፣ ደስ ይላቸዋል። ሐኪምም የሚሰጠው እሱኑ አይደል?»

«ሐኪም ስሙን ነግሮ ይሰጣል! ልኩን ነግሮ ይሰጣል! አትጹም ብሎ ይሰጣል!»

«ጋሼ እንደሚጾም አላወቅሁም!» ኪሩ ጮኸ። «ሰኞ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ደወለች። "ጋሼህ ሦስቱንም ቀን ሳይቀምስ ሊይዝ ነው፤ ጠቢቡም ለብርታት ሦስት እጥፍ ጠጣ ብሎታል" አለችኝ፤ እየኮራች። ሮጬ መጣሁ። ላብ አጥምቆታል፣ ይወራጫል፣ አይሰማም። ከእማዬ ቤት ስኳር ይዤ መጣሁ። አልዋጥ አለው፤ ከአፉ ይመለሳል…»

«አምቡላንስ ለምን አልጠራህም?»

ኪሩ ፊቱን ወደ ጎማዎቹ አዞረ።

«ሆስፒታሉ አጠገባችሁ ነው። ለምን አልጠራህም?»

«ይታወቃል ብዬ።»

«ለአምቡላንስ ጊዜ አጣህ። ጠርሙሱን ለመሸከም ግን ጊዜ ነበረህ።»

ኪሩ ማልቀስ ጀመረ። «ሮሐ አታደርግም ብዬ ተናግሬአለሁ። ሰምተሽኛል።»

«በሹክሹክታ! ስትከሰስ ጮክ ብለህ የምታውቀውን መናገር ነበረብህ። ለእናትህ ከልክለህ ለአጎትህ ሰጠህ፤ ከዚያ በሱ ሞት ልጁን ልታሳስር ተቀመጥክ። ተነስ።»

ሸጎሌ የተላኩት ፖሊሶች ድንኳኑ ውስጥ፣ ከመድረኩ ሥር፣ በማዳበሪያ የታጨቀ ባዶ የክኒን ማሸጊያ አገኙ። መሸሻ ገና ማይክሮፎኑን አላጠፋም ነበር። ገበያነሽ በአንዱ ፖሊስ ስልክ ስታናግረው ድምፅዋ ለሕዝቡ ሁሉ ተሰማ።

«ምን አጠፋሁ? በአባቶቼ ጥበብ ነው የሠራሁት!»

«የአባቶች ጥበብ ያልከው የፋብሪካ ክኒን ነው፤ ስሙን ፍቀህ ለሕዝብ የሸጥከው። የፈረንጅ እያልክ ስትሰድበው የከረምከው እሱኑ ነው። ሕዝቡን አታለልክ፣ አባቶችህንም ሌባ አደረግሃቸው።»

በዚህ ጊዜ ያጨበጨበ አልነበረም።

*

ገበያነሽ ዩኒፎርሟን ለብሳ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ሬሳው ከሆስፒታል መጥቶ መሃል ላይ አርፏል። ሮሐ አሁንም ውጭ ናት። ልጃቸው በፖሊስ መሃል ሲወጣ ያዩት ወይዘሮ አፀደ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አይጮኹም፤ ድምፃቸው አልቋል።

ገበያነሽ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። አላሳጠረችም፣ አላለሰለሰችም።

የሟቹ የንስሐ አባት አባ ፀሐዬ ተነሱ። «ልጄ ተክለሃይማኖትን እንዳይጾም ነግሬው ነበር» አሉ። «"አባ፣ ድኛለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ምክንያት አለኝ?" አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። እኔም ደስ አለኝ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ማን አዳነህ፣ በምን አዳነህ ብዬ።» መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «የታመመ ይጹም ያለ አምላክ የለም።»

ያኔ ሮሐ ወደ ድንኳኑ ገባች። ማንም አልከለከላትም። ወደ ሬሳው ሄዳ ታለቅሳለች ብለው ሁሉም መንገድ ለቀቁላት። እሷ ግን መሃል ላይ ቆመች።

«ከሸጎሌ ጠርሙስ እየጠጣ ዛሬ ጾም የያዘ ማነው?» አለች።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እፍረት ከባድ ነው፤ መታለልን በአደባባይ ማመን ከመሞት የሚከብደው ሰው አለ። አቶ ተክለሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ።

«አባቴ የኩራት ሰው ነበር» አለች ሮሐ። «የሚኮራበትን ነገር ግን አሳስተው ሰጡት። ዛሬ እጁን የሚያወጣ ሰው አይፈር። እኔ እኮራበታለሁ።»

መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት የዕድሩ ዳኛ ናቸው፣ አቶ አያት፤ ትልቅ ሰው፣ የሰፈሩ አስታራቂ። «እኔ አለሁበት፣ ልጄ» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል። የጾሙ ነው ብዬ ነበር።» ቀጥሎ አንዲት ሽሮ ሜዳ ጥበብ የምትሸጥ ሴት። ቀጥሎ ባልና ሚስት። ከዚያ መቁጠር አስቸገረ።

ሮሐ የስኳር መለኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ በሬሳው ፊት ተንበረከከች። ጣት እየወጋች፣ ቁጥር እየጠራች፣ ለአንዱ ማር በውሃ እያስበጠበጠች፣ ሌላውን እንዳይቆም እየከለከለች ሠራች። የአቶ አያት ቁጥር ዝቅ ብሎ ሲወጣ ገበያነሽ አምቡላንስ ጠራች። ሌሎች ሁለት ሰዎችም አብረዋቸው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

«ቀብሩ ይጠብቅ» አሉ አባ ፀሐዬ። «ለተክለሃይማኖት ከዚህ የሚበልጥ ጸሎት አልደግምለትም።»

መጨረሻ ላይ ሮሐ ወደ አክስቷ ሄደች። ወይዘሮ አፀደ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሮሐ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ክኒንሽን ዛሬ ውጠሻል፣ እታባ?»

ወይዘሮ አፀደ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

«እህል ቅመሺና ትውጪያለሽ። አባ ፈቅደዋል። ከዚያ አብረን እንቀብረዋለን።»

ሬሳው ሲነሳ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ሮሐ ከፊት ሄደች፤ አክስቷን በክንዷ ደግፋለች፤ ራሷን ግን ቀና አድርጋለች። ጎሚስታዎቹ፣ ሹፌሮቹ፣ የዊንጌት ባለ ሱቆች በየደጃፋቸው ቆመዋል። «የተክለሃይማኖት ልጅ» ይባባሉ ነበር፤ ትናንት ስሟን መጥራት የተጸየፉት።

ገበያነሽ ከመንገዱ ዳር ቆማ፣ ልጅቷ በፊቷ ስታልፍ እጇን ወደ ባርኔጣዋ አንስታ ሰላምታ ሰጠች።

ሳጅን ፈሀድ ጎን ለጎን ቆሞ ግራ ተጋባ። «ኢንስፔክተር፣ ለተማሪ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል እንዴ?»

«ዛሬ ይሰጣል» አለች ገበያነሽ፣ እጇን ሳታወርድ። «ቀጥ በልና አንተም አንሳ።»